የቡሬ ፋብሪካዎች ምን ያንድዱ?

ፋብሪካ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ የማምረት አቅሙ ይነገራል። ቦይለሩ በምን እንደሚነድ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። በ2013 ዓ.ም. የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። እዚያው ቡሬ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በዚያው ዓመት ተመርቋል። ሙቀት የማይፈልግ የግብርና ማቀነባበሪያ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ዘይት ይጣራል፣ ወተት ይፈላል፣ በርበሬና እህል ይደርቃል። መብራቱ ይቆራረጣል፣ ነዳጁ ዶላር ይጠይቃል፤ እንጨት ግን ደጅ ላይ አለ። ፈተናውም እሱ ነው።

የማገዶ ታሪካችን ረጅም ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ ዙሪያዋ ተራቆተና አጼ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደረሱ። ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ማገዶ ባጠረ ቁጥር መልሳችን አንድ ሆነ፤ ሌላ ዛፍ መትከል። የውሽውሽ ሻይ ልማት ቅጠሉን የሚያደርቅበትን ባሕር ዛፍ በራሱ መሬት ተከለ። ደርግም በየከተማው ዙሪያ የማገዶ ደን አለማ። በጎጃም የሜጫ ገበሬ ማሳውን ወደ ባሕር ዛፍ ሲያዞር፣ የአዊው ፋግታ ለኮማ በዲከረንስ ከሰል ኑሮውን ቀየረ። ዲከረንሱን ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የፈንገስ በሽታ መታው፤ በአንድ ዛፍ ላይ የቆመ ኑሮም አብሮት ተናጋ።

ሌላ መልስ ግን ከ70 ዓመት በፊት እዚሁ አገር ተገኝቶ ነበር። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ጭማቂው የወጣለት አገዳ፣ ማለትም ባጋሱ፣ ተመልሶ ለቦይለሩ ማገዶ ሆነ። ከአገዳው ክብደት ሲሶ ያህሉ ባጋስ ነው። መተሐራም ፊንጫም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ስኳር ፋብሪካ ይህን የቻለው ማገዶው ከጥሬ ዕቃው ጋር ተጭኖ በበሩ ስለሚገባ ነው። ማንም ዞሮ አይለቅመውም።

ከማሳ የሚሰበሰበው ተረፈ ምርት ግን እንዲህ አልቀናውም። የዓለም ባንክና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1979 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ሁለት ጥናት አወጡ፤ አንዱ ስለ ባጋስ፣ ሌላው የሰብል ተረፈ ምርትን ጨምቆ ብሪኬት ስለማድረግ የሙከራ ፕሮጀክት። 40 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ብሪኬት ዛሬም የሙከራ ወሬ ነው። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ገለባ ቀላል ነው፤ መኪናው ሳይከብደው ይሞላል፣ የሚጓጓዘው አየር ነው። ለመጨመቅ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ሁሉም በአንድ ዓይነት አይነድም፤ የፎገራ ሩዝ ገለፈት አመዱ አምስተኛውን ክብደት ያህላል፣ ለእንጨት የተሠራ ምድጃም በቀላሉ ይደፈናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ባለቤትነቱ ነው። ከከተማ የመጣ ባለሙያ «ተረፈ» የሚለውን የምዕራብ ጎጃም ገበሬ አያውቀውም። የጤፍ ጭድ የበሬ ቀለብና የቤት ምርጊት ነው፣ የበቆሎ አገዳ ላም ያበላል፣ ምጣድም ያሰማል፤ የኑግ ፋጉሎ በገበያ ይሸጣል። ፋብሪካ ይህን ጠራርጎ ከወሰደ እናቶች ወደ ኩበት ይዞራሉ፣ ማሳው ፍግ ያጣል። እንጨት ማዳን ማለት ያኔ ጉዳቱን ከጫካ ወደ ማሳ ማዛወር ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተፎካካሪው የሚያንሰው ቆረቆንዳ ነው። ከብት ብዙም አይወደውም፣ ሲደርቅ ከእንጨት የማይተናነስ ሙቀት ይሰጣል። ችግሩ የሚፈለፈለው በየገበሬው ግቢ መሆኑ ነው። ለቡሬ ፓርክ ምርት እንዲሰበስቡ ከታቀዱት የገጠር ሽግግር ማዕከላት አንዱ ፍኖተ ሰላም ነው። በቆሎው እዚያ ቢፈለፈል ቆረቆንዳው እንደ ባጋሱ በአንድ ቦታ ይከመራል፤ ገበሬውም ከእህሉ ዋጋ ሌላ የማገዶውን ዋጋ መጠየቅ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ግጭቱ መንገድ በሚዘጋበት ክልል፣ ከሩቅ በሚመጣ ነዳጅ ላይ መተማመንም የሚያዋጣ አይመስልም።

አንድ ነገር ግን በውሉ ላይ ከወዲሁ መጻፍ አለበት፤ አመዱ። የምዕራብ ጎጃም አፈር በአሲድ የተጠቃ ነው፣ ገበሬው ኖራ አጥቶ ይንከራተታል። አመድ አሲዱን በመጠኑ ያበርዳል፣ ፖታሽም አለው። ቆረቆንዳ ጭኖ የሄደው መኪና ሲመለስ ባዶውን ከሚመጣ አመዱን ይዞ ይምጣ።