ችግር ተኮር ትምህርት በሥነ ዜጋ፦ ሐይቅና አምባሰል

ችግር ተኮር ትምህርት ተማሪዎች ማብራሪያ ከመስማታቸው በፊት መልሱ ያልተቆረጠ ችግር ቀርቦላቸው፣ የሚያውቁትንና የጎደላቸውን ለይተው፣ ሰው ጠይቀው፣ ውሳኔያቸውን በምክንያት የሚያስረዱበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎች ተጀምሮ ኋላ ወደ ልጆች ክፍል ገባ።

በኢትዮጵያ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የተስፋፋው ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር፣ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት እስከ እውቀትን መሻት፣ በ11 እሴቶች የተዋቀረ ነበር። እሴቶቹን በቃል መውጣት ቀላል ነው፤ የምርጫ ጥያቄም ከዚያ በላይ አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. መተግበር የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ለ1ኛ–6ኛ ክፍል ግብረ ገብን፣ ለ7ኛና 8ኛ የዜግነት ትምህርትን መደበ። የትምህርቱ ስም ተለወጠ እንጂ የሽምደዳው ችግር በስም ለውጥ ብቻ አይወገድም።

ደቡብ ወሎ ለዚህ ዘዴ የሚሆን ጉዳይ አያጣም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪ.ሜ. ገደማ በምትርቀው ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከተራራው የታጠበ አፈር እዚያው ይቀራል። የአስጋሪዎቹ መረብ ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ ደግሞ የአሣ ጫጩትም ይጠመዳል። ታዲያ ማን ይከልክል? የተከለከለውስ ምን ይብላ? የአስጋሪው ልጅ፣ የዳር መሬት አራሹ ልጅና የአሣ ጠባሿ ልጅ በአንድ ወንበር ከተቀመጡ የሕግ የበላይነት፣ ኃላፊነትና ቁጠባ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ክርክሩ ሲጠና መምህሩ መልስ አይሰጥም፤ ልጆቹን ወደ አስጋሪዎቹና ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይልካል።

በአምባሰል ደግሞ ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በቅሬ ይረዳዳል፣ ቀብር ይወጣል፣ የቀረውን ይቀጣል። ጎልማሳው ዓረብ አገር የሄደበት ቤት በቀብር ስላልተገኘ ይቀጣ? ለዚህ የተጻፈ ሕግ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ሽማግሌንና ባህላዊውን አስታራቂ አበጋርን መጠየቅ ግን ይቻላል። በአንጻሩ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው አምባሰል የተፈረመው የውጫሌ ውል ድንቅ የታሪክ ትምህርት ቢሆንም ለዚህ ዘዴ እምብዛም አይመችም፤ ያለቀ ጉዳይ ነውና ልጁ የሚወስነው ነገር የለም። የክፍል ንጽሕናም እንዲሁ፣ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ትልቁ እንቅፋት ምዘና ነው። ክልላዊው የ8ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ እስከሆነ ድረስ የዘዴው ቦታ ተከታታይ ምዘናው ነው፤ እዚያም ነጥብ የሚገባው ለውሳኔው ሳይሆን ለቀረበለት ምክንያትና የተቃራኒውን ወገን ችግር በትክክል ለማስረዳት ነው።