ስኮሮዳይት፤ ከሽታ የወጣ ስም

የማዕድናት ስም ከመልክ፥ ከቦታ ወይም ከሰው ሲወጣ ይታያል፤ የስኮሮዳይት ስም ግን የወጣው ከሽታ ነው። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ አውጉስት ብራይትሃውፕት ይህን የሳክሶኒ ማዕድን በ1818 እ.ኤ.አ. ሲሰይም፥ ሲግል የሚሰጠውን ሽታ መነሻ አድርጎ ነጭ ሽንኩርት ማለት ከሆነው የግሪክኛ ቃል ወሰደለት። የሽታው ምንጭ አርሰኒክ የተባለው መርዛም ንጥረ ነገር ነው።

ስሙ ቢቀድምም የውስጥ አሠራሩ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ማክስ ፎን ላውና ባልደረቦቹ በ1912 እ.ኤ.አ. የኤክስ ጨረር በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ሥርዐት ያለው የነጠብጣብ ምስል እንደሚፈጥር ካሳዩ ወዲህ የአቶሞችን አሰላለፍ ማወቅ ተቻለ። በስኮሮዳይት ውስጥ እያንዳንዱ አርሰኒክ በአራት ኦክስጅኖች፥ እያንዳንዱ ብረት ደግሞ በስድስት ይከበባል። ከስድስቱ ሁለቱ የውሃ ናቸው፤ የቀሩት አራቱ ብረቱን ከአርሰኒኩ ጋር ያያይዛሉ።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በአርሰኒኩ ዙሪያ አራት ኦክስጅን ያለው «አርሰኔት» ይባላል፤ ሦስት ያለው ግን «አርሰናይት» ነው፥ መርዛምነቱም በአብዛኛው የባሰ ነው። ስኮሮዳይት በ«አይት» ቢጨርስም አርሰኔት እንጂ አርሰናይት አይደለም፤ የስሙ መድረሻ የማዕድንነት ምልክት ብቻ ነውና። ስለዚህ የማዕድኑን ስም እንዳለ ብንዋሰው ወይም ከነጭ ሽንኩርት አዲስ ቃል ብናወጣለት ጉዳት የለውም። ሁለቱን የኬሚካል መድረሻዎች ማደባለቅ ግን የፊደል ግድፈት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ አንዱን መርዝ በሌላው ስም መጥራት ነው።