የቡና ህብረት ሥራ ማህበራትን መረጃ በክላውድ ከማስቀመጥ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነጥቦች

በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኘው ኮንጋ በታጠበ ቡናዋ በዓለም ገበያ ትታወቃለች። ይሁንና ገዢዎች ዛሬ ከጥራቱ ባሻገር ቡናው የበቀለበትን ማሳ የሚያሳይ ማስረጃ በመጠየቅ ላይ ናቸው። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውና ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ የተራዘመው ደንብ፣ ወደ ህብረቱ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ ያልተመረተ መሆኑን ያስገድዳል። ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ተለይቶ መቅረብ አለበት።

በመሆኑም የአርሶ አደሩን ስም፣ የማሳውን መገኛ፣ የተረከቡትን እሸት ቡና መጠንና የተፈጸመውን ክፍያ የያዘው መዝገብ እንደ ቡናው ሁሉ ጥበቃ ይሻል። መዝገቡ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ተቀምጦ ቢጠፋ፣ በመጋዘን ያለው ቡና ገበያ ሊያጣ ይችላል።

የክላውድ ማከማቻ መረጃን በአገልግሎት ሰጪ ድርጅት የመረጃ ማዕከል በኢንተርኔት አማካይነት የማስቀመጥ ዘዴ ነው። ተቋማት አገልግሎቱን ከመግዛታቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ማጣራት ይገባቸዋል።

አንደኛ፣ መረጃው የሚቀመጥበት አገር። የአርሶ አደሩ ስምና የማሳው መገኛ የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለ መረጃ የሚያዝበትንና ከአገር ውጭ የሚተላለፍበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ስለዚህ የአገር ውስጥና የውጭ አማራጮችን በዋጋ ብቻ ማወዳደር በቂ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የመስመሩ አቅም። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 100 ጊጋባይት መረጃ ለመጫን 55 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ሁሉንም መረጃ በየቀኑ ከመላክ ይልቅ የተለወጠውን ብቻ የሚልክ አሠራር መመረጥ አለበት። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር በማስታወስ፣ ርክክቡ ያለ ኢንተርኔትም መቀጠል መቻሉን ማረጋገጥ ያሻል።

ሦስተኛ፣ ሙሉው ዋጋ። አንዳንድ ድርጅቶች መረጃ ለማስቀመጥ ጥቂት፣ መልሶ ለማውረድ ግን ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ከሆነ ለዓመቱ በጀት መያዝና ክፍያ ቢዘገይ መረጃው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በውሉ ማስፈር ይገባል።

አራተኛ፣ ቁልፉ የማን እንደሆነ። መረጃው በምስጢር ቁልፍ መቆለፉን፣ ቁልፉን የሚይዘው ማን እንደሆነና ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ወዲያው የሚሰረዝበትን አሠራር መለየት ተገቢ ነው። መዝገቡ በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ስም መከፈት የለበትም።

አምስተኛ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በመንግሥት የመረጃ ማዕከል ላይ በደረሰ የእሳት አደጋ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት መረጃ ወድሟል። ምክንያቱም በሌላ ሥፍራ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። በቴክኖሎጂ ከበለጸጉት አገሮች አንዷ የሆነችው ደቡብ ኮሪያ የገጠማት ይህ አደጋ፣ ክላውድ በራሱ ዋስትና እንዳልሆነ ያስረዳል። የዘርፉ ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ሥፍራ እንዲሆን ይመክራሉ። ለኮንጋ ይህ ማለት አንድ ቅጂ በማህበሩ ኮምፒዩተር፣ አንድ በዲላ በተቆለፈ ውጫዊ ዲስክ፣ አንድ ደግሞ በክላውድ ማለት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ቅጂው መኖሩ ብቻ ሳይሆን መመለሱም መፈተን አለበት። የእሸት ቡና ርክክብ ከመጀመሩ በፊት የአንድ ማህበርን መዝገብ ከክላውድ አውርዶ ከወረቀቱ ደረሰኝ ጋር ማመሳከር ቀላሉ ፈተና ነው። አገልግሎት ሰጪው ቦታውን ያከራያል እንጂ ለአርሶ አደሩ መዝገብ ተጠያቂነቱ ከተቋሙ አይወርድም።