የሐረር የኢፍጣር ሰዓት ሰሌዳ የማን ነው?

ረመዳን ሲደርስ ጁገል ውስጥም ከግንቡ ውጭም የሱሁርና የኢፍጣር ሰዓት የያዘ ካርድ በየሱቁ ይለጠፋል። አንዱ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል፤ ሌላው ቁጥሮቹን ገልብጦ በራሱ ዲዛይን ያሳትማል። ከዚያ «የኔን ሥራ ሰረቅክ!» ይመጣል። ሕጉ ምን ይላል?

📌 ሰዓቱ ከየት ይመጣል?
ከስሌት። ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 3.4 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ ሐረር ላይ ፀሐይ ወደ 13 ደቂቃ ቀድማ ትወጣለች፣ ቀድማም ትጠልቃለች። በአዲስ አበባ ሰሌዳ ሐረር ላይ ሱሁር የሚበላ ሰው ጎህ ከቀደደ በኋላም እየበላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የሐረሩ ለብቻ የሚሰላው።

📌 ቁጥሩ ነፃ ነው
የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 5 ቀመርን፣ ለሁሉም የሚያገለግሉ የቁጥር ሰንጠረዦችንና ተራ መረጃን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት የማንም ድርሰት አይደለም፤ በአንድ ዓይነት ቀመር በትክክል ያሰላ ሁሉ እዚያው ቁጥር ላይ ይደርሳል።

«ግን ስንት ቀን ለፍቼበታለሁ!» የሚል አይጠፋም። ልፋት ብቻውን የቅጂ መብት አያስገኝም፤ ሥራው የራስ ፈጠራ ሊኖረው ይገባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ስልክ ማውጫ በተነሳ ክርክር ይህንኑ ወስኗል።

📌 ካርዱ ግን ነፃ አይደለም
ካርዱ ላይ ያለው የጁገል በር ሥዕል፣ ፎቶውና የተጻፈው ማብራሪያ ባለቤት አላቸው። ሰዓቱን ያሰላው አፕ ኮድም ጥበቃ አለው፤ ያወጣው ቁጥር ግን የለውም። የመረጃው አመራረጥ ወይም አደራደር አዲስ ፈጠራ ካለበት እሱም ይጠበቃል። ቀናትን ከ1 እስከ 30 በተራ መደርደር ግን ፈጠራ ነው ለማለት ይከብዳል።

በአጭሩ፦
✅ ቁጥሩን ወስዳችሁ በራሳችሁ ዲዛይን መሥራት ትችላላችሁ።
❌ የሰው ካርድ ላይ ያለውን ስም አጥፍቶ የራስን መለጠፍ አይቻልም።
❌ ሙሉውን ካርድ ቻናል ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ።

አንድ ነገር አትርሱ፦ ቁጥር ሲገለበጥ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል። ከመልቀቃችሁ በፊት የሐረር ሰዓት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከየት እንዳገኛችሁትም ጻፉ። የሰው ጾም ነውና።

ካርድ ለሚሠሩ ጓደኞቻችሁ አጋሩላቸው።