ቱቦው ሲወጣ የሚቀረው ቀዳዳ

ትራኪዮስቶሚ የሕመምተኛውን የአየር ቧንቧ ከአንገቱ ፊት ከፍቶ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ነው። ቱቦው ቶሎ ከወጣ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል፤ ለወራትና ለዓመታት ከቆየ ግን ውስጡን ቆዳ ያለብሰውና ሳይዘጋ ይቀራል።

በቀደመው ዘመን ይህ ችግር እምብዛም አይታይም ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ብረቶኖ እ.ኤ.አ. በ1825 በዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ) የታፈነች ልጅን በዚህ ቀዶ ሕክምና አዳነ፤ ተማሪው አርማን ትሩሶም ከ200 በላይ ሕሙማንን ቀዶ ሩብ ያህሉ መትረፋቸውን ጻፈ። ልጁ ወይ ይሞት፣ ወይ ሕመሙ ሲለቀው ቱቦው ይወጣ ነበር። ነገሩን የለወጠው መተንፈሻ መሣሪያ ነው። ከ1952ቱ የኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ወዲህ በቱቦ ለረጅም ጊዜ መተንፈስ ተለመደ፤ በኋላም ያለጊዜያቸው ተወልደው በአፍ በገባ ቱቦ ጉሮሯቸው የጠበበ ሕፃናት ትራኪዮስቶሚ ይዘው ማደግ ጀመሩ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ በአዳማ የሜኖናይት ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1946 በቀድሞ የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ የከፈተው ሆስፒታል በአርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተሰየመ፤ ድሬሰሮችንም (የሕክምና ረዳቶችን) አሠልጥኗል። ዛሬ የሕክምና ኮሌጅ ነው። ሆስፒታሉ በተከፈተበት ዘመን የልጅ ጉሮሮ ሲታመም ብዙ ቤተሰብ የሚጠራው እንጥል ቆራጭ ነበር። ዘጊ አናዳን ያራቀው እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የክትባት ፕሮግራም ነው እንጂ ቢላዋ አይደለም።

ቀዳዳውን መዝጋት ግን ሌላ ሙያ ይጠይቃል። ከቀዳዳው በላይ ያለው መንገድ ክፍት መሆኑ በመመልከቻ መሣሪያ መታየት አለበት፤ ለልጅ የሚሆን ሰመመንም ያስፈልጋል። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን በአብዛኛው አዲስ አበባ በመሆናቸው ከሻሸመኔ፣ ከባቱ ወይም ከመቂ የተነሣ ልጅ በሞጆ አልፎ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ቀዳዳው እስኪዘጋ ነፋስና አቧራ በእሱ ይገባል፤ በሐይቅ መዋኘትም ክልክል ነው፤ ድምፅም በዚያው ያመልጣል።

ሐኪሞች ራሱ ይገጥም እንደሆነ ብዙ ወራት ይጠብቃሉ። ካልገጠመ ቆዳ የለበሰው መተላለፊያ ተቆርጦ ይወጣና ቁስሉ በድርብ ይሰፋል፣ ወይም ሳይሰፋ ቀስ በቀስ እንዲሞላ ይተዋል። ጥብቅ ስፌት ያማረ ጠባሳ ቢሰጥም አደገኛ ነው፦ ልጁ ሲያስል አየር ከቆዳ በታች ይገባል፣ አንገት ያብጣል፣ አንዳንዴም አየሩ እስከ ደረት ይደርሳል። ስለዚህ የሰፋ ሐኪም ማፍሰሻ ይተውና ልጁን በሆስፒታል ይከታተላል። ያልተሰፋው ቁስል ከዚህ አደጋ ይድናል፣ ጠባሳው ግን ሰፊ ይሆናል፤ ቁስሉም ለሳምንታት በፋሻ መታሰር አለበት፣ ይህንንም ለሩቅ ከተማ ልጅ የሚሠራው የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነው።