መጠጡን መከልከል፣ ልጅን መከልከል

የ10 ዓመት ልጅ ሲያጠፋ ወላጅ ይቆጣል፣ ይመክራል። የ40 ዓመት ልጅ በመጠጥ ሲጠፋስ? “ተዉት፣ ሲወድቅ ይማራል” የሚሉ ዘመዶች ሁላችንም አሉን። ይህ ምክር ግን ታሪክ አለው፤ በአሜሪካ የደረሰውን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1951 ሎይስ ዊልሰን ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር “አል-አኖን” የተባለውን የጠጪ ቤተሰቦች ማኅበር መሠረተች። ባሏ ቢል ዊልሰን ከሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር መሥራቾች አንዱ ነበር። ማኅበሩ ለቤተሰብ የሚለው፦ ሱሱን እናንተ አላመጣችሁትም፣ ልታድኑትም አትችሉም፤ ራሳችሁን አትርፉ ነው። ስንቱን እናት ከጸጸት እንዳሳረፈ መገመት አያቅትም። ችግሩ፣ “ሸክሙን አውርዱ” የተባለው ለብዙዎች “ልጁን ራቁት” ሆኖ መድረሱ ነው።

በ1972 ከኒክሰን ጋር ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሴናተር ጆርጅ ማክጎቨርን ይህ ምክር ደርሷቸዋል። ልጃቸው ቴሪ ለዓመታት ከአልኮል ጋር ታግላለች። በባለሙያ ምክር እሳቸውና ባለቤታቸው ኤሌኖር ለጥቂት ወራት ከእሷ ራቅ አሉ። በዲሴምበር 1994 ቴሪ በማዲሰን ከተማ፣ ዊስኮንሲን፣ በረዶ ላይ ሞታ ተገኘች። 45 ዓመቷ ነበር፤ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። አባቷ ታሪኳን በ1996 በመጽሐፍ አወጡ፤ ያን መራቅም ሲጸጸቱበት ኖሩ።

በ1999 የኒው ሜክሲኮ ተመራማሪዎች ለሕክምና እምቢ ያሉ ጠጪዎችን 130 ዘመዶች በሦስት መንገድ አሠለጠኑ። በአል-አኖን መንገድ 13 በመቶ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ጠጪውን ፊት ለፊት በሚጋፈጥበት መንገድ 30 በመቶ ጠጪዎች ሕክምና ጀመሩ። በሦስተኛው 64 በመቶ! አል-አኖን ዋና ዓላማው ቤተሰቡን ማሳረፍ መሆኑን ግን አንርሳ። ሦስተኛው መንገድ ምን ይላል? ሳይጠጣ ሲመጣ አብራችሁት ብሉ፣ ተጫወቱ። ጠጥቶ ሲመጣ ሳትጨቃጨቁ ዞር በሉ፤ ያበላሸውን እናንተ አታስተካክሉለት። የሕክምናውን ነገር ደህና ሰዓት ጠብቃችሁ አንሱ። ከባልና ሚስት ይልቅ ወላጆች የበለጠ ተሳክቶላቸዋል።

ማክጎቨርን ይህን ቢያውቁ ቴሪ ትተርፍ ነበር አንልም። ሱስ እንዲህ ቀላል አይደለም። ጥፋቱንም በወላጅ ላይ አንጥልም፤ በጊዜው የተነገራቸውን አደረጉ። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ የመጠጫ ገንዘብ መከልከልና ልጅን መከልከል አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ጨክኖ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔም ቢሆን ስልክ ይደወላል፣ ምሳ ይጠራል።