ከዶሃ እስከ ዱባይ፦ የአየር ርቀቱና የጉዞው ጊዜ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ አንዳችን ዶሃ ሌላችን ዱባይ ሆነን «ቅርብ ነው፣ ብድግ ብሎ መምጣት ነው» መባባል ልማዳችን ነው። አባባሉ ምን ያህል እውነት እንደሆነ በቁጥር ላስረዳ።

ከዶሃው ሐማድ እስከ ዱባይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት፣ በአጭሩ የአየር መስመር ሲለካ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጄት አውሮፕላን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር ግማሽ ሰዓት የሚበቃው ይመስላል። ነገር ግን መንገዱ አጭር በመሆኑ ሽቅብ ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል፤ ስለዚህ በአየር ላይ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ ደግሞ ከቆመበት ተነሥቶ ተመልሶ እስኪቆም ድረስ ስለሚቆጠር፣ መሬት ላይ የሚንከባለልበት ተጨምሮ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል።

ሌላው የሚያደናግረው የሰዓት ልዩነት ነው። ዶሃ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ስትሆን ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ቲኬት የሚጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከዶሃ 08:00 (በእኛ ጧት 2 ሰዓት) ተነሥቶ ዱባይ 10:10 የገባ መንገደኛ ሁለት ሰዓት የበረረ ይመስለዋል። በመልሱ ከዱባይ 10:00 ተነሥቶ ዶሃ 10:10 ሲገባ ደግሞ ዐሥር ደቂቃ ብቻ! በሁለቱም የተጓዘው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው።

ርቀቱ ባይለወጥም መንገዱ ግን ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2017 ሳውዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ ከኳታር ጋር ግንኙነታቸውን ሲያቋርጡ ቀጥታ በረራው ቆመ። የኳታር ብቸኛ የየብስ በር የሆነው የሳውዲ ድንበርም ተዘጋ። መንገደኛው በሙስካት ሲዞር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በኩዌት ሲዞር ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር።

በ2018 የእናታችን ዕረፍት ከአገር ቤት ሲደወልልኝ እኔ ዶሃ፣ እኅቴ ዱባይ ነበርን። መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ በሙስካት በኩል ተነሣሁ። የሁለቱ በረራ ጊዜ ተደምሮ ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ሙስካት ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ጧት ደጇ ስደርስ ለቅሶው ከውጭ ይሰማ ነበር። ለካ ሌላ ሰው ደውሎ ነግሯታል።

ጃንዋሪ 5 ቀን 2021 በሳውዲዋ አል-ኡላ ስምምነት ተፈርሞ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ቀጥታ በረራው ተጀመረ። ቢሆንም የዚያ አካባቢ ሰማይ ሊከፈትም ሊዘጋም እንደሚችል አይተናል። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ «ቅርብ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ዘመዳችሁ ባለበት ከተማ ክፉም ደግም ሲመጣ ቀድሞ ደጁ የሚደርስ አንድ የቅርብ ሰው ከወዲሁ ይኑራችሁ።

መልካሙን ያሰማን።